ለመብራት ኮሚቴው ሊቀ መንበር፦ በስቅለት ዕለት ከመቀነቴ ስለበራው ባትሪ

ይድረስ ለክቡር አቶ እንዳልካቸው፣
የሰፈራችን የመንገድ መብራትና የቦይ ጽዳት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
መብራቱ ባለበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ማኪናዎ፣ ማታ ማታ ምሰሶው ሥር ተጋድሞ የሚያንቀላፋው ውሻዎ፣ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከደረጃው በታች የምኖረው ጎረቤትዎ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁንና፣ ከኀፍረት በቀር የሚያመኝ የለም። ኀፍረቱ ግን ጠንቶብኛል፤ እህል አያስበላኝም፣ ቀና ብዬ ሰው እንዳይም አይፈቅድልኝም። የዚህ ሕመሜ መነሻ የእርስዎ መልካም ምክር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ለብቻዎ ሹክ ከምልዎት ይልቅ በሰፈራችን የቴሌግራም ቡድንና በእድራችን ቤት ግድግዳ ላይ ባወጣው የተሻለ መስሎ ታየኝ። ያፈርሁት በሰው ፊት ነውና የማመሰግንዎትም በሰው ፊት ሊሆን ይገባል።

ለማያውቁኝ አንባብያን፣ ስሜ ሚስጥር አዳነ ነው። እዚሁ ጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከማስተምራቸው ምዕራፎች አንዱ ስለ ብርሃን ነው። ይህን የማነሣው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን፣ በኋላ የሚመጣው ኀፍረቴ ከየት ከፍታ እንደወደቀ አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምሰሶው ቦታ አመሰግናለሁ። ሰፈራችን ከአስፋልቱ ወደ ቀሃ ወንዝ በኩል በድንጋይ ደረጃ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ከላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የእርስዎ ግቢ አለ፤ ከታች እኛ አለን። በመካከል ደረጃው የሚታጠፍበት ላይ ክዳኑ የተሰበረ ቦይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ኮሚቴው ሁላችንም ባዋጣነው ገንዘብ አንድ ምሰሶ ከነአምፖሉ ሊያስተክል በተነሣ ጊዜ፣ መታጠፊያው ላይ ይቆማል ብለን ያሰብን ሰዎች ነበርን፤ ስላላዋቂነታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። እርስዎ በስብሰባ እንዳስረዱን፣ ምሰሶ ማኪና በሚደርስበት፣ የሚጠብቀው ሰው ባለበትና ለሁሉም እኩል በሚታይበት ቦታ ነው መቆም ያለበት፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሲፈለግ፣ ሲፈለግ፣ የእርስዎ በር ላይ ተገኘ። በእርግጥም ለሁላችንም እኩል ይታየናል። ከታች አንጋጠን እናየዋለን፤ ከዚያ አጎንብሰን በዳበሳ እንወርዳለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። በዚያው ስብሰባ እጄን አውጥቼ ስለ መታጠፊያው በጠየቅሁ ጊዜ፣ እርስዎ ፈገግ ብለው “መምህርት፣ የሠለጠነ ሰው እኮ ብርሃኑን በኪሱ ይዞ ነው የሚሄድ” አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲስቁብኝ አብሬ የመሳቅ ልማድ አለብኝ። የሆነው ሆኖ ምክርዎን ተቀብዬ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁና የኪስ ባትሪ ልመርጥ አያ የሻው ሱቅ ገባሁ።

ክቡር ሆይ፣ ባትሪ መምረጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ሰው ምክሩን እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም፤ ስለዚህ እርስዎ ባትሪ ገዝተው አያውቁም ብዬ እገምታለሁ፤ ደግሞስ ምን ሊያደርግልዎት። አያ የሻው መጀመሪያ ያወጡልኝ ትልቁን ባለ ድንጋይ ባትሪ ነበር። ጅብ ለማባረር ሸጋ ነው፤ ብርሃኑ ባይደርስበት እንኳ ራሱን ባትሪውን መወርወር ይቻላል። ቦርሳዬ ውስጥ ሲገባ ግን ለተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ቦታ አይተርፍም። ቀጥሎ በግንባር የሚታሰረውን አሳዩኝ። እሱ እጅን ነፃ ያወጣል፤ ነገር ግን ጎረቤቴን ጎንበስ ብዬ እጅ በነሣሁ ቁጥር ዓይኑን ላጭበረብረው ሆነ፤ ነጠላ ተከናንቦ በላዩ ላይ ባትሪ ማሰርም አልታየኝ አለ። ሌላው ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል ትንሽዬ ነገር ነው፤ ቦርሳ ውስጥ እሱን ለማግኘት ሌላ ባትሪ ያስፈልጋል። ስልክሽ መብራት የለውም ወይ እንዳይሉኝ፤ ስልክ አብርቶ ያንን ቦይ መሻገር ማለት አንድ ቀን መብራቱንም ስልኩንም ባንድ ላይ ለቦዩ መገበር ማለት ነው።

በመጨረሻ የመረጥሁት የሌባ ጣቴን የሚያህል፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ፣ ውሃ የማያስገባ ጥቁር ባትሪ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብርሃን መጠን አላመንሁም፤ እሱን ካመንን ከዚያ ሱቅ ደብረ ታቦርን ማብራት በቻልሁ ነበር። ያየሁለት ሌላ ነገር ነው። አካሉ ባለ ማዕዘን ስለሆነ ደረጃ ላይ ቢወድቅ ተንከባልሎ አይሄድም። ደብዛዛ ብርሃን አለው፤ ለእግር የሚበቃው እሱ ነው፣ ሙሌቱም ይበረክታል። ማብሪያ ማጥፊያው ጭራው ላይ ስለሆነ በጨለማ በአውራ ጣት ይገኛል። ጭራው ላይ ያለውን ክዳን ጥቂት ላላ ካደረጉት ደግሞ የኤሌክትሪኩ ዑደት ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢጫኑትም አይበራም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ አውቀዋለሁ። እንዲያውም ባትሪውን ክፍል ውስጥ ይዤ ገብቼ ስለ ዑደት አስተምሬበታለሁ። ተማሪዎቼ ገብቷቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አልተሟላም። በካርቶኑ ላይ የተሣለው ሰው ሱሪ የለበሰ ወንድ ሲሆን ባትሪውን ኪሱ ላይ ሰክቶ ፈገግ ይላል። የእኔ ቀሚስ ግን ኪስ የለውም። ምክርዎ ለባለ ኪሶች የተሰጠ መሆኑን ያን ጊዜ ብረዳ ኖሮ ከብዙ ነገር በተረፍሁ። አያ የሻውም ጉዳዩ ገብቷቸው “ምን ቸገረሽ፣ መቀነትሽ ውስጥ ሸጉጭው” አሉኝ። ሸጎጥሁት፤ ልክክ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃውን እንደ ንግሥት እወርድና እወጣ ጀመር፤ ጧት ወደ ኪዳን፣ ማታ ከማታ ትምህርት ስመለስ። ከታች ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አባይነሽ ግን ፀሐይ ካልወጣች ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር፤ ወትሮ ከእኛ ሁሉ ቀድመው ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱ ሴት ናቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሦስተኛ፤ ስለ ስቅለት። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

በስቅለት ዕለት ገና ሳይነጋጋ ባትሪዬን አብርቼ ደረጃውን ወጣሁ፤ የእርስዎ መብራት ስደርስ አጥፍቼ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥሁት፤ ክዳኑን ግን ሳላላላው ቀረሁ። ስለ ዑደት የማስተምር ሴት ዑደቴን እንደዘጋሁ ቤተ መቅደስ ገባሁ። በዕለቱ መጋረጃው ጥቁር ነው፤ ውስጡም ጨለምለም ይላል። ከሴቶች ጋር ቆምሁ። ነግቶ ፀሐይ ስትወጣ እትዬ አባይነሽ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ኪርያላይሶን ሲባል እኛም ከወገባችን እየታጠፍን መስገድ ጀመርን።

ባትሪው አንዴ ሲጫኑት በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ሁለተኛ ሲጫኑት ይደበዝዛል፤ ሦስተኛ ሲጫኑት ብልጭ ድርግም ይላል፤ በአራተኛው ይጠፋል። የስቅለት ስግደት ደግሞ አራት ላይ አያበቃም። በታጠፍሁ ቁጥር ማብሪያው በጭኔና በሆዴ መካከል ይጫናል፤ ብርሃኑም ከመቀነቴ ወደ ላይ ተነሥቶ በነጠላዬ ውስጥ ፊቴ ድረስ ይወጣል። እኔ ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከልቤ እየሰገድሁ ነበር። በተጨፈነው ዓይኔ ውስጥ ቀይ ብርሃን መጣ፤ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። ሆዴ አካባቢ ሙቀት ተሰማኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎና ለሰፈሩ ግን እነግራለሁ፦ ለጥቂት ጊዜ ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ ነበር። እንባዬም መጣ።

ከዚያ ከጎኔ እልልታ ተሰማ። ክቡር ሆይ፣ የስቅለት ዕለት እልል እንደማይባል፣ ከበሮው እንኳ ዝም እንደሚል ሕፃን ያውቃል። ያነቡ የነበሩት ቄስ ቃላቸው ተቋረጠ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። እልል ያሉት እትዬ አባይነሽ ናቸው። እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው “አየሁ፤ በዚች በደከመች ዓይኔ ብርሃን ሲወርድ አየሁ” ይላሉ። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌላውንም ሞራ እየሸፈነው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያዩት ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ነጠላዬ እንደ ፋኖስ ብርት ጥፍት ሲል ከኋላዬ የቆሙትም አይተዋል። አንዳንዶቹ ተንበረከኩ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሰድጄ ላጠፋው ብጫነው ከድብዛዛው ወደ ብልጭልጩ አለፈ። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ እንዳልሁ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ሰዉም መንፈስ የነካት መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። ከግቢው የወይራ ዛፍ ሥር ሆኜ ክዳኑን አላላሁት። ባትሪው ጠፋ።

“ባትሪ ነው” ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልሁም። ሰዓቱ የመከራ ሰዓት ነው፣ ወሬ አይወራበትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ተመልሼ ገባሁ፤ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ቸብ ሲያደርጉኝም “በድያለሁ” ብቻ አልሁ እንጂ ምኑን አልተናገርሁም። በሰሙነ ሕማማት ሰው ለሰላምታ እጅ ስለማይጨባበጥ፣ ሲወጣ ከእኔ ራቅ ብለው አንገታቸውን ሰበር የሚያደርጉልኝ ሴቶች ሕማማቱን አክብረው ይሁን እኔን አክብረው አላውቅም ነበር። በፋሲካ ግን ታወቀ። ደረጃው ላይ ሁሉም ያስቀድሙኝ ጀመር። አንዲት እናት ያተኮሰውን ልጇን አምጥታ ነጠላዬን አስነካችው። የጤና ጣቢያ መድኃኒት ስጪው አልኋት፤ ባትሪ ነው ግን አላልኋትም። ልጁ ተሻለው፤ እኔ ባሰብኝ።

እርስዎም በበዓሉ ማግሥት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ሳሉ፣ የመታጠፊያው መብራት ነገር ቢነሣ፣ “ሰፈራችን ላይ ከላይ ብርሃን ወርዶልን የለ፤ ከእንግዲህ ሌላ ምሰሶ ምን ያደርግልናል” ብለዋል ሲባል ሰማሁ። ቀልድዎ ሸጋ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ቀልድ አልሰሙትም፤ ጥያቄው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሣም። የእኔ ዝምታ ለኮሚቴዎ ይህን ያህል አገልግሎት መስጠቱን ሳውቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልሁም።

ከፋሲካ በኋላ ብርቱካን የምትባል የእትዬ አባይነሽ ልጅ ከሳንጃ ደወለችልኝ። እዚያ ሰሊጥ ትነግዳለች። በመጀመሪያ መረቀችኝ፤ ስለ ብርሃኑ ሰምታለችና። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ዓይናቸውን የሚታከሙበት ቀጠሮ ደርሶ ነበር፤ ሞራውን የሚገፍፉት ሐኪሞች ከሩቅ የሚመጡ ናቸው፣ ይህ ዙር ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም፣ እስከዚያ ድረስም ያቺ አንዲት ዓይን አትጠብቅም ተብሏል። እትዬ አባይነሽ ግን አልሄድም ብለዋል። ብርሃን ወርዶ በዓይኔ አይቻለሁና ከእንግዲህ ቢላ አይነካኝም ብለዋል። “አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች፤ ብርሃኑ የወጣ ባንቺ ላይ ነው” አለችኝ ልጂቱ። እሺ አልኋትና ስልኩን ዘጋሁት። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሊያጡ የነበረው እኔ ሁለት ቃል ማውጣት አፍሬ ነው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድሁ። እትዬ አባይነሽ የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ነው ከተማ የገቡት፤ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ባትሪውን መዳፋቸው ላይ አኖርሁትና ጣታቸውን ይዤ አስጫንኋቸው። በራ፤ ደበዘዘ፤ ብልጭ ድርግም አለ። ያ ብርሃን ይኸው ነው፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኋችሁ፣ አፍሬ ነው ዝም ያልሁት አልኋቸው። እንዲራገሙኝ ጠብቄ ነበር።

እሳቸው ባትሪውን እያገላበጡ ዳሰሱትና “ምነው ልጄ፣ ይህንንማ አውቀው የለ” አሉኝ። “እልል ስል እውነት መስሎኝ ነው። ማታውን ግን ደረጃውን ስትወርጅ በጅሽ ይዘሽው አየሁ። ሰው ለይቼ ባላይ ብርሃን እለያለሁ፤ ያው ነው።”

ታዲያ ለምን ሕክምናውን ተዉት ብዬ ብጠይቃቸው ባትሪውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩትና ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ የሚቀጥለውን የምጽፈው እሳቸውን አስፈቅጄ ነው። የፈሩት ቢላውን አይደለም። ሐኪም ቤቱ ተራ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ኑ ይላል። በጾሙ መግቢያ፣ ለመጀመሪያው ምርመራ፣ እንደተባሉት ገና በጨለማ ተነሥተው ደረጃውን ሲወጡ መታጠፊያው ላይ እግራቸው ከዳቸውና ቦዩ ውስጥ ወደቁ። መነሣት አቃታቸው። ቀሚሳቸው ተገልቦ፣ ነጠላቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ራሳቸውን መሸፈን ሳይችሉ ቆዩ። ያወጧቸው ለቀን ሥራ የሚወጡ ወንዶች ናቸው። በዕድሜያቸው ባዕድ ወንድ ፀጉራቸውን አይቶት የማያውቅ ሴት ናቸው። ለልጃቸው ግቢዬ ውስጥ አዳለጠኝ አሏት፤ ለእኛም እንዲሁ። “ከዚያ ወዲያ በጨለማ ልወጣ ስል ጉልበቴ አይታዘዘኝም” አሉኝ። “ሰው ምነው ቀረሽ ሲለኝ የምለው አጣሁ። ያንቺ ብርሃን ሲመጣ በሱ ተሸሸግሁ። የፈጣሪን ስም ለፍርሃቴ መሸሸጊያ አደረግሁት። እኔም አፍራለሁ ልጄ።”

እኔ ያን መታጠፊያ ጧትና ማታ አልፈዋለሁ። ያን ቦይ በባትሪዬ አብርቼ፣ ሰፋ አድርጌ እራመደዋለሁ። ባትሪውን ከገዛሁ ወዲህ ስለ ምሰሶው አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ መብራት መቀነቴ ውስጥ ሲገባ የሰፈሩ ጨለማ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ምክርዎ ትልቅ ሥራ መሥራቱን ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ጠያቂዋን ዝም ያሰኘው የስብሰባው ሳቅ ሳይሆን የሌባ ጣት የምታህለዋ ባትሪ ናት። ለአንድ ሊቀ መንበር ከዚህ የረከሰ ዝምታ ከየት ይገኛል?

በቀጠሮው ዕለት ገና ሳይነጋ አብረን ወጣን። ባትሪ ለሁለት ሰው ሲሆን አያያዙ ሌላ መሆኑን የተማርሁት ያን ጊዜ ነው። ከፊት ሆነው ካበሩት ለራስ ብቻ ነው፤ የኋለኛውን ሰው የፊተኛው ጥላ ይጋርደዋል። ወደ ፊቱ ካበሩት ዓይኑን ያጭበረብረዋል። ከጎን ሆኖ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ከሰውየው እግር ፊት ማብራት ነው የሚሻል፤ የራስን እግር መንገዱን ያውቀዋል ብሎ መተው ነው። እንዲህ እያልሁ አንድ ክንዳቸውን ይዤ ወጣን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ቆሙ። ቦዩን ዙሪያውን አበራሁላቸው፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በእጄ እየጠቆምሁ ነገርኋቸው። ቀስ ብለው ተሻገሩ። ከላይ የእርስዎ በር ላይ ስንደርስ ብርሃኑ እንደ ቀትር ስለሆነ ባትሪውን አጠፋሁት፤ ውሻዎ ብቻ ቀና ብሎ አየን። ሞራው በዚያው ቀን ተገፈፈ፤ በማግሥቱም ጨርቁ ከዓይናቸው ተነሣ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በስቅለት ዕለት መናገር ሲገባኝ ያልተናገርሁትን ዛሬ ለመናገር ነው። የሰፈሬ ሰዎች ሆይ፣ በእኔ ላይ ብርሃን አልወረደም። ባትሪ ነው። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ባትሪ ነው። ነጠላዬን ለነኩ፣ ደረጃ ላይ ላስቀደሙኝና ለተንበረከኩልኝ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማየት ለሚፈልግም ባትሪው ቤቴ አለ፣ መጥቶ ይጫነው።

ሁለተኛው የእርስዎ ጉዳይ ነው። ከላይ ብርሃን ወርዶልናልና ሌላ ምሰሶ አያሻንም የሚለው ምክንያትዎ ከባትሪዬ ጋር አብሮ ስለጠፋ፣ የኮሚቴው ጥያቄ ወደ ነበረበት ተመልሷል። የቦዩ ክዳን እንዲጠገንና መታጠፊያው ላይ መብራት እንዲቆም፣ አዲስ የሚቆም ካልተገኘም ያለው ምሰሶ ከበርዎ ተነቅሎ እንዲወርድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጨለማው ለእርስዎ እንዳይከብድ፣ ያን ቀን እኔ ራሴ መጥቼ የገዛሁትን ባትሪ በሁለት እጄ አበረክትልዎታለሁ። አያያዙንም አስተምርዎታለሁ፤ ሱሪ ስለሚለብሱ ኪስ አያጡም።

መልካም ምክርዎን እስከ ዛሬ በመቀነቴ ተሸክሜ የዞርሁ፣ በስብሰባ ላይ አብሬ የሳቅሁ፣ ከእንግዲህ ግን የማልስቅ፣ ለጤናዎና ለአምፖልዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

መምህርት ሚስጥር አዳነ
ከደረጃው በታች

ይድረስ ተብሎ ከተዘጋ በኋላ የተጨመረ፦ እትዬ አባይነሽ ጨርቁ የተነሣላቸው ዕለት፣ ማምሻውን ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ በርዎ ላይ ሲደርሱ ቆመው ወደ ላይ አዩ። ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና “ይኼ ሸጋ መብራት የማን ነው?” አሉኝ። የሰፈሩ ነው እንዳልላቸው ቦዩ ከታች አለ፤ የእርስዎ ነው እንዳልላቸው ያዋጣነው ሁላችንም ነን። ሊቀ መንበሩን ይጠይቋቸው አልሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ራሳቸው መጥተው ሊጠይቁዎት አስበዋል። እባክዎ በር ላይ ወጥተው ይጠብቋቸው፤ አሁን የሰው ፊት ከሩቅ ይለያሉ።